ሁለተኛው ዲሽ

እኛ ሰፈር ዲሽ ሠሪ ጣራ ላይ ከወጣ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። እሱ ከላይ ሳህኑን በትንሽ በትንሹ እየገፋ «አሁንስ?» ይላል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት የቆመው ሰው ከውስጥ «የለም!» ብሎ ይጮኻል። እንደገና «አሁንስ?»፤ እንደገና «የለም!»። ማን አዲስ ሪሲቨር እንደገዛ፣ ማን ኳስ እንዳማረው፣ ማን ከሚስቱ ጋር ስለ ቻናል እንደተጣላ በዚያ ጩኸት ይታወቃል። እኔ በጡረታ የተገለልኩ አስተማሪ ነኝ። ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ ደህና ነው። የጎረቤቴ የአባ ነቢል ዲሽ የዞረ ዕለት ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

አባ ነቢል የምላቸው ነጋዴው ዓብዱልመጂድ ናቸው፤ የነጌሌ ሰው በልጃቸው ስም ነው የሚጠራቸው። እኔና ባለቤቴ ቢረሳው ከወሎ ተመድበን ስንመጣ ዘመድ የሚባል አልነበረንም። ቢረሳው ሐዋሳ ሆስፒታል ያረፈ ጊዜ ሬሳውን ይዤ ስደርስ፣ ደጄ ላይ ድንኳን አስተክለው፣ ሰው ሰብስበው የጠበቁኝ እሳቸው ናቸው። ይህን የምናገረው ለምን እንደምናደድ እንዲታወቅልኝ ነው።

በሰፈሩ የመጀመሪያውን ዲሽ የተከሉት እሳቸው ነበሩ። ረመዳን ሲገባ ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ ያወጡና ከመካው ታላቅ መስጊድ፣ ከሐረም በቀጥታ የሚተላለፈውን ሶላት ለሰፈሩ ሁሉ ይከፍታሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀመጣል። ካዕባን ከብቦ የሚዞረውን ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይ «እኔንስ አዞረኝ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይስቁና የሚደረገውን ሁሉ እንደ ተማሪ ያስረዱኛል። ራሳቸው ግን ሄደው አያውቁም። አንድ ዓመት ሊነሡ ሲሉ የነቢል ሠርግ ደረሰ። አንድ ዓመት ድርቅ ሆነና ገበያው ሞተ። ሰው በአክብሮት «ሐጂ» ሲላቸው «ገና ነኝ፣ ገና» እያሉ ያርሙ ነበር። በመጨረሻ የሐጁ ልብስ ሁሉ ተገዝቶ ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ ጎናቸው ተያዘ፣ ምላሳቸውም ተሳሰረ።

ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት በተዘረጋ አልጋ ላይ ሆነ። ከጠዋት እስከ ማታ የሐረሙን ቻናል ያያሉ። ከሚዞረው ሕዝብ መሀል አንዱን ይመርጡና፣ ከካዕባው ጀርባ ጠፍቶ ዞሮ እስኪመጣ በዓይናቸው ይጠብቁታል። ሲመጣ በደህነኛው በኩል ያለው ከንፈራቸው ፈገግ ይላል። ሌላ የቀራቸው ደስታ አልነበረም።

የነቢል ሚስት ፉዚያን በተመለከተ አፌ ክፉ ለመናገር ይቸኩላል፤ ግን ሐቁን መደበቅ አልወድም። አማቷን የምታጥብ፣ የምታገላብጥ፣ በማንኪያ የምታጎርስ እሷ ብቻ ናት። ነቢል ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነው፤ ማታ ገብቶ «አባ እንዴት ዋለ?» ይላል እንጂ መልሱን አይሰማም። እሷ በቀን ውስጥ የራሴ የምትለው ነገር ቢኖር አንድ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ተከታታይ ፊልም ነው። አባ ነቢል ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ ድምፁን ቀንሳ ታየዋለች፤ ሲነቁ ወደ ሐረሙ ትመልሳለች። ሁለቱም ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

ታዲያ የአገር ውስጥ ቻናሎች ከናይልሳት ወጥተው ወደ ኢትዮሳት የተዛወሩ ጊዜ ነገር ተበላሸ። ናይልሳት በምዕራብ በኩል ነው፤ ኢትዮሳት በምሥራቅ። የነጌሌ ዲሽ ሁሉ በዚያ ሰሞን ፊቱን አዞረ። የሐረሙ ቻናል ግን እዚያው ናይልሳት ላይ ቀረ፤ አንድ ሳህን ደግሞ ሁለት አቅጣጫ አያይም። ፉዚያ ፊልሟን አጣች፣ ነቢል ዜናና ኳሱን አጣ። አንድ ቅዳሜ ዲሽ ሠሪው ፋዲል መሰላሉን ተሸክሞ መጣ።

ፋዲል ጨዋ ሰው ነው። ብሎኑን ከመፍታቱ በፊት ከጣራው ጫፍ ላይ ቁልቁል ተናገረ። «ነቢል፣ ይሄ ከዞረ ሐረሙ ይጠፋል። አባ የሚያዩት እሱን አይደል? አንድ ሳህን ጨምርና በስዊች አገናኝቼ ሁለቱንም በአንድ ሪሲቨር ላምጣልህ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«ለማን ብዬ?» አለ ነቢል። «አባ የሚያየውን የት ያውቃል? ግድግዳ ብታሳየውም ያያል።»

አባቱን አንቱ እያለ ያደገ ልጅ ነው። አራተኛ ክፍል ሳስተምረው «አባቴ እንዲህ አሉ፣ አባቴ እንዲህ አዘዙ» ይለኝ ነበር። ምላሳቸው ከታሰረ ወዲህ አንተ ማለት ጀመረ።

ብሎኑ ተፈታ። «አሁንስ?» «የለም!» «አሁንስ?» «የለም!» እያሉ ቆዩና የፉዚያ ድምፅ «መጣ! እንዳትነካው!» ሲል ሰማሁ። ደስታዋ እስከኔ ግቢ ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ገባሁ። «አካም፣ አባ ነቢል? ናጋ?» አልኩ እንደ ልማዴ። ሌላ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ይከፍታሉ፤ ናጋ፣ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው። ያን ቀን አላዩኝም። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ባሕር ዳር ቆማ ታለቅሳለች። ግራ እጃቸውን እንደምንም አነሡ፣ አንድ ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ፣ ከጉሮሯቸው የሆነ ድምፅ አወጡ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ሐረሙ ጠፍቶብዎት ነው?» አልኳቸው።

እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ። የሚያዩትን አያውቁም የተባለው ሰው እንዲህ ሲያለቅስ አይቼ ነቢልን በጥፊ ማለት አማረኝ። ማታ ከሱቅ ሲመለስ በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት።

«ሰሞኑን አስተክላለሁ ቲቸር፣ አንቱ አያስቡ» አለኝ።

ሰሞኑን የሚባል ቀን እስካሁን መጥቶ አያውቅም። ሳምንት ጠበቅሁና «በቃ እኔ ላስተክልላቸው» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ኧረ ቲቸር፣ ሰው ምን ይለናል? ነቢል ለአባቱ ዲሽ አቅቶት ጎረቤት ተከለለት ይበሉን?» አለ። ፋዲልንም ጠየቅሁት፤ «ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሰው ጣራ ላይ እንዴት ልውጣ?» አለኝ። እውነቱን ነው።

አባ ነቢል መብላት ተዉ። ፉዚያ ማንኪያውን ስታቀርብ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች። እሳቸው ያችን አንድ ጣት ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው ይውላሉ፤ ሲደክማቸው ትወድቃለች፣ ሲበረቱ ትነሣለች። ከክሊኒክ የመጣው ነርስ ግሉኮስ ሰቅሎ «ዕድሜ ነው» ብሎ ሄደ። በኋላ አንዲት ልትጠይቅ የመጣች ሴት ጣታቸውን አየችና «ሸሃዳ ይዘዋል፤ እየተሰናበቱ ነው» አለች። ሙስሊም ሲሞት አምላክ አንድ ነው ብሎ አመልካች ጣቱን ያነሣል። ወሬው በስልክ በዚያው ሰዓት ክብረ መንግሥት ደረሰ፤ በማግስቱ ታናሽ ወንድማቸው ዓብዱሰመድ በላንድክሩዘር ከተፍ አለ።

ዓብዱሰመድ የወርቅ ነጋዴ ነው። ወንድሙ ከወደቁ ጀምሮ አንድ ጊዜ በስልክ እንጂ በአካል አልጠየቃቸውም። አሁን ግን ከበሩ ጀምሮ እያለቀሰ ገባ፤ ካለቀሰ በኋላ አዛዥ ሆነ። ሰው በቁሙ ሳለ የጠፋ ዘመድ ለሞት ቀድሞ ይደርሳል።

«ጣቱን አታዩም? ወደ ቂብላ አዙሩት» አለ።

«በግራ እጃቸው ነው እኮ» አለ አንዱ።

«ቀኙ ከየት ይምጣ? አላህ ያውቅለታል።»

ቂብላ የመካ አቅጣጫ ነው፤ ከነጌሌ መካ ያለው በቀጥታ በሰሜን ነው። የዚያ ሳሎን ሰሜኑ ባዶ ግድግዳ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው በደቡቡ በኩል ነው። አራት ወንዶች አነሷቸው፣ በማይንቀሳቀሰው ቀኝ ጎናቸው አስተኟቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ወደ ኋላ እንዳይንከባለሉ ጋቢ ጠቅልለው ከጀርባቸው ወሸቁ። አንድ ሼህ መጥተው ያሲን የሚባለውን የቁርአን ምዕራፍ ይቀሩ ጀመር።

«ወንድምህ የሚያሳዩት ቴሌቪዥኑን ነው» አልኩት ዓብዱሰመድን። «የሐረሙ ቻናል ጠፍቶባቸው ነው እህል የተዉት። ሌላ ሕመም የለባቸውም።»

«እትዬ በዛብሽ» አለኝ በትሕትና፣ «ሰው ሞት አፍ ላይ ሆኖ ቴሌቪዥን ያምረዋል?»

ጎረቤቶች አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ። አሮጊቷ አስተማሪ ጃጀች ብለው ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን ቤቱ በሰው ሞላ። ከሜጋም ከዱብሉቅም አብረዋቸው የነገዱ ሰዎች መጡ። ከሰዓት በኋላ አንዱ እንግዳ ሳያስብ ሪሞቱን ነካና ያቺ ጥቁር መነጽር ያላት ሴት ብቅ አለች፤ ያሲን በሚቀራበት ቤት ከአንድ ወንድ ጋር ትሳሳማለች። ዓብዱሰመድ እሳት ጎረሰ።

«የሐረሙ ቻናል የት ሄደ? ወንድሜ ያንን አልነበር የሚያየው?»

ነቢል ወለሉን እያየ «ዲሹ ዞሮ ነው» አለ።

«ቦረናና ጉጂ ሁሉ ደጅህን ረግጦ የሚያየው ይሄን ነው? አሁኑኑ ሠሪ ጥራ። ሰው ምን ይለናል?»

ያ የግማሽ ቀን ሥራ በግማሽ ቀን አለቀ። ፋዲል ሁለተኛውን ሳህን ከመጀመሪያው ጎን ተክሎ ወደ ምዕራብ አዞረው። ከውስጥ የሚጮኸው ራሱ ነቢል ነበር። «አሁንስ?» «የለም!» «አሁንስ?» «አለ! አለ! በቃ እሰረው!»

ሐረሙ መጣ። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ካዕባውን ከብቦ እንደ ጥንቱ ይዞራል። ከየአፉ «ማሻአላህ» ወጣ። የኢማሙ ድምፅ ቤቱን ሲሞላው የአባ ነቢል አንገት ተንቀሳቀሰ። ድምፁን ለይተውታል። ግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ያዘ። ትከሻቸው ተነሣ፣ ጋቢውን ገፋ፣ ያ በረሀብ ያለቀ አካል ወደ ቴሌቪዥኑ መዞር ጀመረ።

«ኧረ ከቂብላ ዞረ፣ ያዙት!» አለ ዓብዱሰመድ። በፍቅር፣ በቀስታ፣ እያባበለ መለሳቸው፤ ጋቢውንም አጠበቀው። ጥቂት ቆይተው እንደገና ሞከሩ። እንደገና መለሳቸው።

ሼሁ ቅራታቸውን አቋርጠው «ካስቸገረው ተዉት፤ እንደተመቸው ይሁን» አሉ።

«ወንድሜ ፊቱን ከቂብላ አዙሮ ሲሞት ቆሜ አላይም» አለ ዓብዱሰመድ።

ተነሣሁ። «ሰዎች፣ ዕድሜ ልካቸውን ሊያዩት የጓጉት እኮ ከኋላቸው ነው። ለአንድ አፍታ አዙሯቸው፣ ይዩትና መልሷቸው።»

የመለሰልኝ ነቢል ነበር። «ቲቸር፣ ዲሳ» አለኝ፤ ይተዉት ማለቱ ነው። ሲጨንቀው ኦሮምኛው ይቀድመዋል። «ይሄ የሃይማኖታችን ነገር ነው፣ አንቱ አይግቡበት።»

ምን እላለሁ? ማተብ ያሰርኩ ሴት ነኝ፤ በሰው ቂብላ ላይ ቃል የለኝም። እዚያ ክፍል ውስጥ የሰውየው ፍላጎት የገባኝ እኔ ነኝ፤ መናገር የማይገባኝም እኔው። ትቻቸው ወጣሁ።

ብቻዬን እንኳ አልነበርኩም ለካ። ፉዚያን ጓሮ፣ የውኃው ሮቶ ጥግ አገኘኋት።

«እኔም ገብቶኛል ቲቸር» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ዲሹ የዞረ ቀን ነው የገባኝ። ትንሽ ቆይተው ይረሱታል ብዬ ነበር።»

«ታዲያ አሁን አንቺ አዙሪያቸዋ። የሚያጥባቸውና የሚያገላብጣቸው አንቺ ነሽ፤ ማን ይከለክልሻል?»

«አዙሬያቸው ቢሞቱስ? ምራቱ ከቂብላ አዙራ ገደለችው ይሉኛል። ልጆቼን ስድር ሳይቀር ይሉኛል።»

ይሏታል። ከተማውን አውቀዋለሁ። ሳይመሽ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ተመልሼ ገባሁ፤ ወንዶቹ ለቀትር ሶላት ወደ መስጊድ ሲወጡ ፉዚያ ከመኝታ ቤቷ ትልቁን መስተዋቷን ይዛ መጣች። የሠርጓ ስጦታ ነው። በርጩማ ግድግዳው ሥር አስጠግታ መስተዋቱን አቆመችው፣ ጎንበስ እያለች ከአባ ነቢል ዓይን ጋር አስተካከለችው። በጀርባቸው ያለው ቴሌቪዥን መስተዋቱ ውስጥ ገባ፤ ካዕባውም ሕዝቡም። ፊታቸው እንደ ደንቡ ወደ ቂብላ ነው፤ ዓይናቸው ግን ሐረሙን ያያል። ለአርባ ሰው ያልታየውን ብልሃት እሷ አመጣችው። የያዝኩባትን ቂም በዚያች ደቂቃ ረሳሁ።

«አባ፣ ይዩ» አለቻቸው።

አዩ። ከንፈራቸው ፈገግ አለ። ዓይናቸው አንዱን ነጭ ለባሽ መርጦ ተከተለው። ቀጥሎ ግንባራቸው ተቋጠረ። ሌላ መረጡ፤ እሱንም ተዉት። ከጉሮሯቸው የወጣው ድምፅ፣ ሰው ልጁ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሲሮጥ ሲያይ የሚያወጣው ዓይነት ነበር። ጣታቸው በአየር ላይ «አይደለም» እያለ ተወዛወዘ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨመቅ አድርገው ጨፈኑ።

«ምነው አባ? እየመጣ ነው፣ ይዩት እንጂ» ትላለች ፉዚያ። መስተዋቱን አስጠጋችው፣ አዘነበለችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። አልከፈቱም።

ዞር ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ፤ መልሼ መስተዋቱን አየሁ። በቴሌቪዥኑ ሕዝቡ ካዕባውን በግራው አድርጎ ይዞራል። በመስተዋቱ ውስጥ ግን በቀኙ አድርጎ፣ በተቃራኒው ይዞራል። በረንዳቸው ላይ ራሳቸው ነበሩ ያስረዱኝ፦ ካዕባ ሁልጊዜ በግራ እጅ በኩል ነው፤ በተቃራኒው የዞረ ሰው ዙረቱ አይቆጠርለትም። እሳቸው በመጨረሻ ያዩት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድነት ሲሳሳት ነው።

ወንዶቹ ሲመለሱ ዓብዱሰመድ «የምን መስተዋት ነው?» ብሎ አስነሣው። አባ ነቢል የከሰዓት በኋላው የዓስር ሶላት ሳይደርስ አረፉ። ዓይናቸውን መክደን አላስፈለገም።

ቀብሩ ትልቅ ነበር። ወንዶቹ ድንኳን፣ ሴቶቹ ሳሎን ተቀመጡ፤ ቴሌቪዥኑ ሐረሙን እንደከፈተ ነው። የመጣው ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ይላል። «ከሞቱ አሟሟቱ። ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ጣቱ ሸሃዳ ላይ፣ ጆሮው የሐረምን ቁርአን እየሰማ። ለሁላችን እንዲህ ያለውን ይስጠን።» ነቢል አንገቱን ሰበር አድርጎ «አሚን» ይላል። ለአባቱ ሲል ዲሽ ያስተከለ ልጅ ተብሎ ሲመሰገንም «አሚን» አለ።

ፉዚያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቢያንስ አይተውት ነው የሄዱት፣ አይደል ቲቸር?» አለችኝ። «መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብለዋል። አይተዋል አይደል?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ያቺ ሴት ያን ሁሉ ጊዜ ያጠበችው ገላ ይመስክርላት ብዬ አዎ ብላት ምንም አይጎድልብኝም ነበር። ግን «መጣ! እንዳትነካው!» ያለችበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

«አይተዋል» አልኳት። «ሰዉ በተቃራኒው ሲዞር አይተዋል። መስተዋት ይገለብጣል፣ ፉዚያ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ቴሌቪዥኑን አየች፤ እጇን አንሥታ በአየር ላይ ዙረቱን ተከተለች፣ ከዚያ እጇን ገልብጣ መልሳ አዞረችው። እጇ እዚያው ቀረ። አላለቀሰችም። ተነሥታ ሄደችና ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«ምነው ልጄ?» አሏት ሴቶቹ። «ሐረም ይጠፋል እንዴ? ለነፍሳቸው ነው፤ ክፈቺው እንጂ።»

ከፈተችው።